«መሰለኝ» እና «መስሎኝ»

(ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣቶች፣ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ሳላንዛዛ ልንገራችሁ። ሰው ያልሆነውን ነገር «ነው» ብሎ ሲይዝ፣ ሌላውን በሌለበት ጠባይ ሲጠረጥር፣ የማይገባውን ስም ሲሰጥ፣ አማርኛችን ምን ምን ይላል? ይህን ለምን እንደማነሳ ታውቃላችሁ። ተጠይቆና ተጣርቶ ሊበርድ የሚችል ጠብ በችኮላ ፍርድ ሲከር እናያለን። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም፣ በአንድ «አሉ» ይቀያየማል። ቋንቋችን ግን ለዚህ ነገር ድሃ አይደለም። ሰው ከመጠርጠር እስከ መፍረድ የሚሄድበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ለይቶ አስቀምጦልናል። እኛ ነን ደረጃውን እየዘለልን የምንወጣው።

በሁለት ቃላት ልጀምር። «መሰለኝ» እና «መስሎኝ»።

«ልጁ ሌባ መሰለኝ» ያለ ሰው ነገሩን አልቋጨም። ሊሆንም፣ ላይሆንም ይችላል። «ልጁ ሌባ መስሎኝ» ያለ ሰው ግን ነገሩን ጨርሶታል። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ተናጋሪውም ይህን አውቋል። «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል አልወጣውም፤ ግን ብሏል። ሰሚውም ገብቶታል። ያው አንድ ግስ ነው፤ ቅርጹን ትንሽ ሲለውጥ ከጥርጣሬ ወደ እርማት ይሻገራል። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ አያምታታውም። «እማዬ፣ የመጣሽ መስሎኝ» የሚል ልጅ እናቱ እንዳልመጣች ያውቃል።

ስለ ሌላ ሰው ስናወራም እንዲሁ ነው። «የሚያሸንፍ መስሎታል» ስንል፣ እሱ ምን እንደሚያስብና እኛ ምን እንደምናስብ ባንድ ቃል ተናግረናል። እሱ አሸንፋለሁ ይላል፤ እኛ አያሸንፍም እንላለን። «መስሏት ነው» ስንል ደግሞ ምሕረት አለበት። አውቃ አላደረገችም፤ ነገሩ ሌላ ሆኖ ታይቷት ነው፤ አትፍረዱባት ማለት ነው።

አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ። የንግግሬ ዋና ነገር እሱ ነው። «መሰለኝ» ስል ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ የግሱ ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም። ነገሩ ነው የመሰለው። እኔ ተቀባይ ነኝ። በጉም ውስጥ ጉቶ ሰው መሰለኝ፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የጉቶውም አይደለም። «ጠረጠርኩ» ስል ግን ግሱ የኔ ሆነ። «ገመትኩ» የኔ ነው። «ናቅሁ» የኔ ነው። «ፈረድኩ» ደግሞ ከሁሉም በላይ የኔ ነው። አማርኛ ኃላፊነቱ ከየት እንደሚጀምር በሰዋስው ነግሮናል። ለዓይኔ በመሰለኝ ነገር ማንም አይከሰኝም። ከዚያ በኋላ በማደርገው ግን እጠየቃለሁ።

ካህኑ ዔሊን አስታውሱ። ሐና በቤተ መቅደስ ቆማ ትጸልያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምጿ አይሰማም። የሰከረች መሰለችው። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለበትም፤ ለሩቅ ተመልካች እንደዚያ ትመስላለች። ቀጥሎ ገሠጻት። እዚህ ላይ ተሳሳተ። እሷም አልተቆጣችም፤ ልቧ ያዘነባት ሴት እንደሆነች አስረዳችው። ዔሊም ሰማ፤ በሰላም ሂጂ ብሎም መረቃት። እኔ የዔሊን መሳሳት ሳይሆን መስማቱን ነው የማደንቀው። ካህን ሆኖ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ከአፉ የወጣውን ይዞ አልጸናም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ።

ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ የሚገኝ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የደጋ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለግጦሽ ይውላል። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ቀይ ቀበሮም አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ያለውም ከ500 አይበልጥም።

ቀይ ቀበሮ በእረኛ ዘንድ ስሙ ጥሩ አይደለም። በግ በሊታ ይባላል። በግ በጭራሽ አይነካም አልልም፤ አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል። ምግቡ ግን በአብዛኛው አይጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ የሚውለው ለእሷ ነው። እኛ ግን መልኩን አየን፤ ውሻ ይመስላል፣ ተኩላ ይመስላል፣ ስለዚህ ሥራውም የተኩላ ነው አልን።

አንድ ሰው ጓሳ ላይ ቆሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲሄድ ቢያይ ምን ይላል? ግልገል ሊነጥቅ ነው ይላል። እኔም ብሆን ሌላ የምለው የለኝም። እዚያው ጓሳ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች ግን በ2007 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር ነው የሚያሳየው። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ያህሉ ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህሉ ነው። ወደ መንጋው የሚገባው ለዚህ ነው። ግልገሎቹን ትቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥ ይሄዳል። ጭላዳዎቹም ሣራቸውን እየነጩ ዝም ይሉታል። ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ገደል ይሮጣሉ።

ይህ ነገር በጣም ያስገርመኛል። ጭላዳዋ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት እንስሳትን በሥራቸው ለይታለች። ውሻና ቀበሮ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ የሚያደርጉት ግን አንድ አይደለም። እሷ የምታየው የሚያደርጉትን ነው። ደግሞ ሌላም አለ። ቀይ ቀበሮን በብዛት ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ ከኛ ውሾች የሚጋባበት በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዋናው ነው። ጎጂ ነው ያልነው ተጎጂ፣ ተጎጂ ነን ያልነው እኛ ደግሞ የጉዳቱ ምንጭ ሆነን ተገኘን።

«ታዲያ አለመጠርጠር ይሻላል?» የምትሉኝ አላችሁ። አይሻልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለውናል። መጠርጠር ጥበቃ ነው። በሌላ በኩል ግን እነዚሁ አባቶች እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለዋል። ልጥ መሬት ላይ ተጋድሞ ሲያዩት እባብ ይመስላል። አንዴ በእባብ የተነደፈ ሰው ከልጥ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ልጡን በዱላ ቀጥቅጦ «እባብ ገደልኩ» ብሎ ቢያወራ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ተረቶች አብረን ካልያዝናቸው አንዱ ብቻውን ያሳስተናል። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ያየነው ትንሽ ሲሆን ፍርዳችንም በዚያው ልክ ያንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ አደገኛው ቃል ግን «መሰለኝ»ም «ጠረጠርኩ»ም አይደለም። «አሉ» ነው። «ሌባ ነው አሉ።» ማን አለ? ባለቤት የለውም። «መሰለኝ» ቢያንስ የኔ ዓይን አለበት። «ጠረጠርኩ» የኔ ልብ አለበት። «አሉ» ግን የማንም ነው፤ ቢጠየቅ የሚመልስ የለውም።

በአንጎለላ በኩል በተቀመጥኩበት አንድ ሽምግልና ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንድ ሰው ሙክት ጠፍቶበታል። የፋሲካ በግ ነው፤ ስንት ወር የቀለበው። ጎረቤቱን ጠረጠረ። ነገሩ ከሮ ሽማግሌ ተቀመጠ። ምስክር ተባለና አንድ ጎልማሳ ቀረበ። «ሲመሽ የእሱን በግ ሲጎትት አይቼዋለሁ» አለ። ሸንጎው አጉረመረመ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አባት፣ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ጆሮውን አየኸው? ምልክት ነበረው?»

«ጉም ነበር አባባ፣ ጆሮውን እንኳ አላየሁም።»

«ላቱስ? ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚጥል?»

«እሱንም አላየሁም።»

«ታዲያ ምን አየህ?»

«ሰውየው ገመድ ይዞ ሲሄድ። በግ ሲጮህም ሰማሁ።»

«እንግዲያውስ ገመድ አየሁ በል። ድምፅ ሰማሁ በል። የእሱ በግ መሰለኝ በል። አየሁ ያልካትን ግን መልሳት።»

ጎልማሳው አልተከራከረም። ቃሉን መልሶ አስተካከለ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን በቀጠሮ አሳደሩት። በጉ በኋላ ከሌላ ሰው መንጋ ተቀላቅሎ ተገኘ። ጎረቤትየው የጎተተው የገዛ በጉን ነበር። ባለ ሙክቱ ሄዶ ጉልበቱን ሊስም ሲል ሰውየው አንስቶ አቀፈው።

እኚያ አባት ትምህርት ቤት አልገቡም። ግን ገመዱን፣ ድምፁንና ግምቱን ለየብቻ አስቀመጧቸው። ምስክሩን ውሸታም አላሉትም፤ አልዋሸምም። የመሰለውን እንዳየው አድርጎ ነው የተናገረው። አብዛኛው የሐሰት ምስክርነት የሚወለደው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንጎላችን ባዶውን ቦታ ይሞላል፤ አፋችን ደግሞ የተሞላውን «አየሁ» ይላል።

የአባቶቻችን ሥርዓት ሁሉ እንዲህ ጠንቃቃ ነበር ብዬ ላሞግስ ግን አልችልም። አውጫጭኝ ነበረን። አገሩ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር። ጥሩ ጎኑ ነገር በአደባባይ መነገሩ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ሰው ከጭንቀት ለመውጣት ሲል ጥርጣሬውን እውቀት አድርጎ የሚያቀርብበት መሆኑ ነው። ሌባ ሻይም ነበረን፤ በምኒልክ ዘመን ሳይቀር ይሠራበት ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይሰጠውና ወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ተዋርዶ እንደሆነ አስቡት። እዚያ ውስጥ «መሰለኝ» የሚል ሰው እንኳ የለም። ልጁ አያስብም፣ ዳኛው አይጠይቅም፣ ፍርዱ ግን ይፈረዳል። ሌባ ሻይ መቅረቱ አገር ያተረፈበት ነገር ነው።

የዛሬው ሕጋችን በዚህ ላይ የሚለው ደስ ይለኛል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 80ን ተመልከቱ። ሰው የነገሩን እውነት ተሳስቶ አንድ ድርጊት ቢፈጽም፣ የሚዳኘው ነገሩ እሱን በመሰለው መጠን ነው። ለምሳሌ በምሽት ግር ግር ውስጥ የሌላ ሰው ጃንጥላ የራሱ መስሎት የወሰደ ሰው ሌባ አይባልም። ግን ሕጉ እዚያ አያቆምም። ቢጠነቀቅ ኖሮ ከስህተቱ ይድን ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይድን ከነበረና ሕጉም ያንን ድርጊት በቸልተኝነት የሚያስቀጣ ካደረገው፣ በቸልተኝነት ይጠየቃል። አያችሁ፣ ቅድም ስለ ግሱ ያልኩት እዚህ በሕግ ተጽፏል። «መስሎኝ» ይቅርታ ያስገኛል፤ ለማጣራት የደከመ ሰው ሲለው ነው እንጂ ያልደከመ ሲለው አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። «እንዳይቆጠር» የሚለውን እወደዋለሁ። ልባችሁ ሊጠረጥር ይችላል፤ አትቁጠሩት ነው የሚለው።

«ገመተ» ወደሚለው ልለፍ። ግምት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ገበሬና ነጋዴ ያለ ግምት አንድ ቀን አያድሩም። የበግ ገበያ ሄዳችሁ ገዢውን እዩት። በዓይኑ አያምንም። ሽንጡን ይዳብሳል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ግምት ሲባል እንዲህ ነው፤ እጅ ነክቶት ነው። ድሮ አሥራት ሲጣል ግን ሰብሉ ገና በማሳው ላይ ቆሞ ሳለ በዓይን ይገመት ነበር። ለዚህም ነው ገማች ማለት በገበሬ ጆሮ ደስ የማይል ስም ሆኖ የኖረው። ሳይነኩ መገመት እንደዚያ ነው፤ ዕዳው ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

በግ ካነሳን አይቀር የመንዝን በግ ልንገራችሁ። ትንሽ ነው። ጠጉሩ ሻካራ ነው። ሰው አይቶ ይንቀዋል። ለዓመታት የባለሙያውም ግምት ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ በውጭ ዝርያ ማሻሻል ይሻላል ተባለ። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር መጡ። ገበሬው አልተቀበላቸውም፤ ላት የሌለው በግ በኛ አገር ዓይን አይገባም። ቀጥሎ ላት ያለው አዋሲ ከእስራኤል መጣ። እነዚህ ሥራዎች ከንቱ ነበሩ አልልም፤ ትልልቅ ድቅል በጎች ተገኝተዋል። ግን የመንዝ በግ በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ የመኖ እጥረት ቆሞ የሚውል ፍጥረት ነው። ባና እና ዝተት የሚባሉትን የሱፍ ልብሶች ያለበሰን ጠጉሩ ነው። ይህ የታየው ቆይቶ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገበሬዎች ራሳቸው ከመንጋቸው ምርጡን አውራ እየለዩ በጋራ የሚያራቡበት ሥራ መንዝ ውስጥ ተጀመረ። ያገሬውን በግ እንደ ችግር ሳይሆን እንደ መነሻ የቆጠረ ሥራ ነው። መናቅ ማለት አሳንሶ መገመት ብቻ አይደለም፤ መጠየቅንም ማቆም ነው። የናቅነውን ነገር አንመረምረውም።

ወጣቶቹ ደግሞ «ጀጅ አታድርገኝ» ትላላችሁ። ከዚህ ቃል ጋር ጠብ የለኝም፤ ሰው የሚጠቀምበት ቃል ሕይወት አለው። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። «ጀጅ ማድረግ» ሁሉን ጠቅልሎ ይይዛል። ያማችሁንም፣ የናቃችሁንም፣ የጠረጠራችሁንም፣ በቅንነት የመከራችሁንም ሰው በአንድ ቃል ትከሱታላችሁ። የመከረ ሰውና ያማ ሰው አንድ አይደሉም። አንዲት ልጅ እናቷን «ጀጅ አደረግሽኝ» ስትል፣ እናቷ ጠርጥራት ይሆን ፈርታላት ይሆን በምን ትለያለች? «ጠረጠርሽኝ» ብትላት እኮ እናት መልስ አላት።

በመጨረሻም «ፈረጀ» አለ። እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ። ፍረጃ ከተሳሳተ ግምት ሁሉ የከፋው ነው። ጥርጣሬ አንድ ሰው ላይ ነው፤ ፍረጃ ሕዝብ ላይ ነው። መንዜ ሙግት ይወዳል፣ የእከሌ አገር ሰው እንዲህ ነው፣ የእነዚያ ወገን እንዲያ ነው። ሰውየውን ሳናውቀው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ከየት መጣህ ብለን ብቻ ጨረስነው። የተፈረጀ ሰው «ተሳስታችኋል» የሚልበት መድረክ የለውም፤ የሚለው ሁሉ ፍረጃውን ማረጋገጫ ይሆናል። ዝም ካለ ተንኮለኛ፣ ከተናገረ ተሟጋች። ይህ ምን እንደሚያደርስ እኛ ሰሜን ሸዋዎች ከማንም በላይ እናውቃለን። እነማን ምን እንዳሉ አልዘረዝርም። የምለምናችሁ በቤታችሁ፣ በልጆቻችሁ ፊት፣ «እነዚህ ሰዎች» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ስትሰሙ ሰውየውን አቁማችሁ «የትኛው ሰውዬ? ምን ሲያደርግ አየኸው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። እኚያ የአንጎለላው አባት እንዳደረጉት፣ ሳትቆጡ፣ ቀስ ብላችሁ።

ሽማግሌ ሆናችሁ ለምትቀመጡ አባቶች አንድ ልመና አለኝ። ቃል የሚጽፍ ልጅ ስታስቀምጡ፣ ምስክሩ ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ፣ የመሰለውን ለብቻ ይጻፍ። የተናገረው ቃል እንዳለ ይስፈር፤ «መሰለኝ» ያለውን ጸሐፊው «ነው» ብሎ እንዳያሳጥረው። ወረቀቱ ሲነበብ ምስክሩ ይስማ፤ የሚያስተካክለው ካለም ያስተካክል።

እኔ የተናገርኩት የማውቀውን ያህል ነው። አገራችን ሰፊ ነው። ከመርሐቤቴ የመጣችሁ አላችሁ፣ ከምንጃር፣ ከቡልጋ፣ ከግሼ፣ ከቀወት ቆላም አያለሁ። ሰው ሳያጣራ ሲፈርድ፣ ሲንቅ፣ ሲምታታበት በየሰፈራችሁ የምትሉት ሌላ ቃል፣ ሌላ ተረት ይኖራችኋል። ከነአገባቡ ንገሩኝ፤ ማን ለማን እንደሚለውም ጨምሩበት። ማይኩ ከኋላ ወንበር ይጀምር፤ እዚያ ያሉት እናቶች ቅድም ሲነጋገሩ አይቻለሁ።